«የድሮ ጥለት በአዲስ ሸማ»፦ ዘርፍ የሌለው ሥራ ኢንተርኔት ላይ እንዴት ይገኛል?

የጠያቂዋ ደብዳቤ በአጭሩ ይህ ነው፦

«አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እሠራለሁ። ያረጀ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ እቀበላለሁ፤ ጥለቱን አነሳና አጽድቼ በአዲስ ሸማ ላይ መልሼ እሠራዋለሁ። በወር ቢበዛ አሥር ልብስ አወጣለሁ። ችግሬ፣ ሰው አያገኘኝም። ጎግል ላይ ‹ልብስ ስፌት› ብዬ ስመዘገብ ሱሪ አሳጥሪልኝ የሚል ይደውላል። ‹የሐበሻ ልብስ› ስል ደግሞ አዲስ ቀሚስ ስንት ነው ይሉኛል። ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮዬን አርባ ሺህ ሰው አይቶታል፤ ከዚያ የመጣ ሥራ ግን አንድም የለም። ወንድሜ ዌብሳይት አሠሪ ይለኛል። ሌላ ሰው በወር እየከፈልሽኝ ገጽሽን ላሳድግልሽ ብሎኛል። በየትኛው ዘርፍ፣ የት ልተዋወቅ?»

ስህተቱ ያለው በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ ነው። ትክክለኛው ዘርፍ ከተገኘ ደንበኛ በራሱ ጊዜ ይመጣል ብለው አስበዋል። ዘርፍ የሚጠቅመው ግን ሰው አስቀድሞ ለሚያውቀው ነገር ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው የጥርስ ሐኪም እንዳለ ያውቃል፤ ስለዚህ «ጥርስ ሐኪም» ብሎ ይፈልጋል። የእናቷ ቀሚስ ወገቡ ላይ የነተበባት ሴት ግን እርስዎ የሚሠሩት ዓይነት ሥራ ከነመኖሩም አልሰማችም። ያልሰማችውን ነገር በስሙ ልትፈልገው አትችልም። ቀሚሱን አጥፋ ሻንጣ ውስጥ ትመልሰዋለች፤ ወይም የሐበሻ ልብስ ገበያው ሽሮ ሜዳ ሄዳ አዲስ ትገዛለች።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ደንበኛ አለዎት። አንዷ ችግሯን አውቃ መፍትሔ የምትፈልግ ናት። የሥራዎን ስም ባታውቀውም ቅርብ የመሰላትን ቃል ጎግል ላይ ትጽፋለች። ሌላዋ ምንም አትፈልግም፤ ሻንጣዋ ውስጥ ያለው ቀሚስ እንደሚድን እስክታይ ድረስ ነገሩ ትዝም አይላት። የመጀመሪያዋን የሚያገናኝዎት የጎግል ካርታ ነው። ሁለተኛዋን የሚቀሰቅሳት ቪዲዮና ፎቶ ነው። እስካሁን አንዱን መሣሪያ ለሌላው ሥራ እያዋሉት ነው የደከሙት።

ከቃሉ እንነሳ። ለሥራዎ አዲስ ስም አይፍጠሩ። ቆንጆ የፈጠራ ስም ለቤትዎ ታፔላ ይሆናል፤ ደንበኛ ግን አይፈልገውም። የሚያስፈልግዎት ደንበኞችዎ ከአፋቸው የሚያወጡት ቃል ነው። አንድ ደብተር ይያዙ። ከዚህ በኋላ የሚደውሉልዎትን ሃያ ሰዎች የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይጻፉ፤ አያሳምሩት። «ጥለቱን ነቅለሽ በሌላ ጨርቅ ትሠሪልኛለሽ?» «የእናቴ ቀሚስ ነው፣ ጨርቁ አልቋል ጥለቱ ግን ደህና ነው።» «ነጠላዬ መሐሉ ተቀዷል፣ ይጠገናል ወይ?» እነዚህ ሃያ ዓረፍተ ነገሮች ማንኛውም የማስታወቂያ ባለሙያ ተቀምጦ ከሚያስበው ይበልጣሉ። ከእነሱ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡት ሁለት ሦስት ቃላት የጎግል መግለጫዎ፣ የቴሌግራም ቻናልዎ ራስጌ፣ የቪዲዮዎ የመጀመሪያ ንግግር መሆን አለባቸው።

እርስዎ በደብዳቤዎ «ጥለት አነሳለሁ» ብለዋል። የባለሙያ ቃል ነው። ደንበኛ «መንቀል»፣ «ማዛወር»፣ «መቀየር» ልትል ትችላለች። የእርስዎን ቃል አይጣሉ፤ የእሷን ግን ያስቀድሙ። እኔ ከደብዳቤዎ ተነስቼ ብመርጥ ከስምዎ ሥር «የድሮ ጥለት በአዲስ ሸማ» ብዬ እጽፍ ነበር። አራት ቃል ናት። ሥራውን ትነግራለች፣ ማንም ይገባዋል፣ ከሱሪ ማሳጠርም ከአዲስ ቀሚስ ሽያጭም ትለያለች።

የፊደል ነገርም አለ። አማርኛ ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ቦታ አይሰጠውም። አንዱ «ሐበሻ» ይላል፣ ሌላው «ሀበሻ»፣ ሌላው «አበሻ»። አንዱ «ሠርግ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሰርግ»። ሰው ሲያነበው ሁሉም አንድ ነው። የፍለጋ ማሽን ግን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ ላያየው ይችላል፤ በተለይ ቴሌግራም ውስጥ። ከዚያ ላይ በስልኩ አማርኛ የማይጽፍ፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ሁሉንም አጻጻፍ አንድ ቦታ ላይ አይከምሩት፤ ያ ሲነበብም ያስጠላል። በአንዱ ልጥፍ «የሐበሻ ቀሚስ»፣ በሌላው «የሀበሻ ቀሚስ» ብለው ይጻፉ። በላቲን ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመርም ከፎቶው ሥር ታክላ ትቀመጥ።

አሁን ወደ ጎግል። ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል (ቤትዎ በጎግል ካርታና ፍለጋ ላይ የሚታይበት ነጻ ገጽ) ላይ ዘርፍ የሚመረጠው ከተዘጋጀ ዝርዝር ነው፤ አዲስ ዘርፍ መፍጠር አይቻልም። አንድ ዋና ዘርፍ ይመርጣሉ፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ተጨማሪ መጨመር ይቻላል። ዋናውን ለመምረጥ የሚረዳው ጥያቄ «ይህ ቤት ምን አለው?» ሳይሆን «ይህ ቤት ምንድን ነው?» የሚለው ነው። የእርስዎ ቤት ያለቀ ልብስ ተቀብሎ የሚያድስ ቤት ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ ለዚህ የሚቀርበው ልብስ የማስተካከል አገልግሎት የሚለው ነው። እሱን ዋና ያድርጉት። «ልብስ ሰፊ» የሚለውን ተጨማሪ አድርገው ያስገቡ። የልብስ መሸጫ የሚለውን ግን ያስወጡት፤ «አዲስ ቀሚስ ስንት ነው» የሚለውን ስልክ የሚያመጣብዎት እሱ ነው። ዘርፉ በእንግሊዝኛ ሊመጣልዎት ስለሚችል ሲመርጡ የሚያነብልዎ ሰው አጠገብዎ ይሁን።

ዘርፉ መግቢያ በር ብቻ ነው። ልዩነትዎ የሚገለጸው ከበሩ በኋላ ነው። ፕሮፋይሉ ላይ አገልግሎቶችን በራስዎ ቃል መጻፍ የሚቻልበት ቦታ አለ። እዚያ «ጥለት ከድሮ ቀሚስ ወደ አዲስ ማዛወር»፣ «የነተበ ነጠላ ማደስ»፣ «ከእናት ቀሚስ የልጅ ቀሚስ መሥራት» ብለው ለየብቻ ይጻፉ። መግለጫው እስከ 750 ፊደላት ይይዛል። ሲጽፉት የምትሠሩትን በመጀመሪያው መስመር፣ የማትሠሩትን በመጨረሻው መስመር ያድርጉት። «አዲስ ቀሚስ አንሸጥም፤ ሱሪ አናሳጥርም» ብሎ መጻፍ ንቀት አይደለም። የሁለታችሁንም ጊዜ ይቆጥባል፤ ለአንባቢውም ይህ ቤት አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ የያዘ መሆኑን ይነግረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። የቤትዎ ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ከታፔላው ስም ውጭ ምንም አይጨምሩ። «እገሌ ጥለት ማዛወሪያ የሐበሻ ልብስ አዲስ አበባ ምርጥ» እያሉ ቃል መደርደር የጎግልን ሕግ ይጥሳል፤ ፕሮፋይሉ ሊታገድም ይችላል። የታገደን ፕሮፋይል ማስመለስ አዲስ ከመክፈት የበለጠ ያደክማል።

ጎግል አንድን ቤት ከፍ ብሎ እንዲታይ የሚያደርገው በሦስት ነገር መሆኑን ራሱ ይናገራል፦ ከተፈለገው ነገር ጋር ያለው ዝምድና፣ ርቀቱና ታዋቂነቱ። ርቀቱን መለወጥ አይችሉም። ቦታዎን ግን በትክክል ማስቀመጥ ይችላሉ። በእኛ ከተማ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ ቤት የሚያገኝ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚሄደው በምልክት ነው። ስለዚህ የካርታው ምልክት የግቢዎ በር ላይ በትክክል ይቀመጥ። በመግለጫው ውስጥ የታወቀ ምልክት ይጠቀስ። ከታክሲ መውረጃው እስከ በሩ ድረስ የሚያሳዩ ሦስት አራት ፎቶዎች ይጫኑ። የሥራ ሰዓትዎን ሲያስገቡ በእርግጥ እዚያ የሚገኙበትን ሰዓት ብቻ ይሁን። ብቻዎን በግቢ ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ በቀጠሮ ብቻ እንደሚቀበሉ ይጻፉ። ማረጋገጫ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ነው የሚፈለገው፦ መንገዱን፣ በሩን፣ የሥራ መሣሪያዎን፣ ቤቱ የእርስዎ መሆኑን የሚያሳይ። ንግድ ፈቃድዎንና ታፔላዎን አስቀድመው ያዘጋጁ።

ታዋቂነት የሚባለው ውስጥ የደንበኞች አስተያየት አለበት። «ጎበዝ ናት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚል አስተያየት ደስ ይላል፤ ለማያውቅዎት ሰው ግን ብዙ አይነግረውም። ልብሱን ስታስረክቡ «ምን ይዘው መጥተው ምን ይዘው እንደሄዱ ቢጽፉልኝ» ብለው ይጠይቁ። «የአያቴን ነጠላ ጥለት ለልጄ ክርስትና ቀሚስ አደረገችልኝ» የሚል አንድ አስተያየት ከሃያ ምስጋና ይሻላል። ለአስተያየት ገንዘብም ሆነ ቅናሽ አይስጡ፤ ክልክል ነው። ዘመድ አሰልፎ ማስጻፍም አይሆንም።

ስለ አርባ ሺህ እይታው። እይታ ደንበኛ አይደለም፤ ለእርስዎ ደግሞ ብዙ እይታ አያስፈልግዎትም። በወር አሥር ልብስ ነው የሚያወጡት። ይህ ማለት በወር የሚያስፈልግዎት አሥር ሰው ነው፤ አሥራ አንደኛው ወረፋ ይጠብቃል። ይህን ቁጥር ግድግዳ ላይ ይጻፉት። ተከታይ ስንት ደረሰ፣ ላይክ ስንት ሆነ የሚለው ጭንቀት ሱቅ ሙሉ ዕቃ ላለው ነጋዴ ነው። የእጅ ሥራ ያለው ሰው ጥያቄው «አሥሩ ሰዎች የት ናቸው?» የሚል ነው።

ቪዲዮው ሥራ ያላመጣበት ምክንያት ይገባኛል። እንዲህ ዓይነት ቪዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ያማረ ቀሚስ፣ ከኋላው ዘፈን፣ ሥር ላይ የስልክ ቁጥር። ተመልካች «አቤት ሲያምር» ይልና ያልፋል። ያ ጥለት ሠላሳ ዓመት የኖረ መሆኑን አላወቀም። ቲክቶክ ደግሞ ቪዲዮውን በዋናነት የሚያሰራጨው እንዲህ ያለ ቪዲዮ ማየት ለሚወድ ሰው ነው፤ ሰውየው ጂዳም ጅማም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቪዲዮው ከጉዳቱ ይጀምር። መጀመሪያ የሚታየው የነተበው ጨርቅ ይሁን፤ ጣት በቀዳዳው ሲያልፍ ይታይ። ከዚያ በድምፅዎ ይናገሩ። «ይሄ ጨርቅ አልቋል። ጥለቱን እዩት፣ ምንም አልሆነም።» ይህ ዓረፍተ ነገር ነው ሴትየዋን ከሻንጣዋ ጋር የሚያገናኛት። ጥለቱ ከጨርቁ ለምን እንደሚቆይ በሁለት ቃል ያስረዱ። ጨርቁ ስስ ነው፤ ጥለቱ ላይ ግን ማጉ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሰው ምክንያቱ ሲገባው ያምናል። ከዚያ ሲነሳ፣ ሲታጠብ፣ ሲሰፋ ያሳዩ። መጨረሻ ላይ ያለቀውን ያሳዩ፤ ከተማዎን፣ ሥራው የሚወስደውን ጊዜና የዋጋውን መነሻ ይናገሩ። ፊትዎን ማሳየት ግዴታ አይደለም፤ እጅዎ ይበቃል።

ዋጋ አልኩ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ልማድ ይተዉት። ይህ ልማድ ለምን እንደተስፋፋ አውቃለሁ፦ ተፎካካሪ እንዳያይ፣ ደንበኛም እንዳይሸሽ ተብሎ ነው። በእርስዎ ሥራ ላይ ግን ይጎዳል። ሰው ይህን ሥራ ከምን ጋር እንደሚያነጻጽረው አያውቅም። አንዷ የሱሪ ማሳጠሪያ ዋጋ ታስባለች፣ ሌላዋ የአዲስ ቀሚስ። ሁለቱም ይሸሻሉ፤ አንዷ ስትሰማ ትደነግጣለች፣ ሌላዋ ከመጀመሪያውም አትጠይቅም። ትክክለኛ ዋጋ ጨርቁን ሳያዩ መናገር እንደማይቻል እሙን ነው። መነሻ ዋጋ ግን ይቻላል። «የነጠላ ጥለት ማዛወር ከዚህ ጀምሮ፤ አዲሱን ሸማ ደንበኛ ካመጣች ይህን ያህል ይቀንሳል» ብለው ይጻፉ። ኢንቦክስ የሚመጣው ሰው ቁጥሩ ይቀንሳል፤ የሚመጣው ግን ሊያሠራ የመጣ ይሆናል።

አሁን ዋናው እንቅፋት ላይ ደረስን፤ እርስዎ በደብዳቤዎ ያልጠቀሱት። ሰው እርስዎን ቢያገኝዎትም ቀሚሱን ለመስጠት ይፈራል። አዲስ ቀሚስ ያበላሸ ልብስ ሰፊ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ነገሩ ያበቃል። የሞተች እናት ቀሚስ ቢበላሽ ግን ማንም አይተካውም። እርስዎ የማያውቅዎትን ሰው «ምትክ የሌለውን ነገር ስጡኝ፣ መቀስ ላሳርፍበት» እያሉት ነው። ይህን ፍርሃት ዘርፍ አይፈታውም፤ ማስታወቂያም አይፈታውም። የሚፈታው አሠራርዎን ሲያዩ ነው።

ስለዚህ የአቀባበልዎን ሥርዓት ይቅረጹና ያሳዩ። ልብሱ ሲመጣ ከደንበኛዋ ጋር ሆነው በፎቶ ያንሱት፤ ነባር ጉዳቱን አብረው ይቁጠሩ። በሁለት ቅጂ ደረሰኝ ይጻፉ፦ ምን እንደተቀበሉ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ መቼ እንደሚያስረክቡ። ቀለም እንደሚለቅ ለማወቅ በጥለቱ ጥግ ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ይፈትኑ፤ ይህንንም ደንበኛዋ ፊት ያድርጉት። መቀስ ከማረፉ በፊት «እዚህ ጋ ነው የምቆርጠው» ብለው ፎቶ ይላኩና እሺታ ይጠብቁ። የተረፈውን ቁራጭ ሁሉ መልሰው ይስጡ። ይህ ሁሉ ሲደረግ የሚያሳይ አንድ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይሥሩ። እኔ ከሁሉ በላይ የማምንበት ማስታወቂያ ይህ ነው።

የመለሱትንም ሥራ ይናገሩ። «ይህ ጥለት ከሥሩ በስብሷል፣ ቢነሳ ይበጣጠሳል፣ አልሠራውም ብዬ መልሻለሁ» የሚል ልጥፍ ከአሥር የተሳካ ሥራ እኩል እምነት ያመጣል። እምቢ ማለት የሚችል ባለሙያ እሺ ሲል ይታመናል።

የደንበኛን ነገር ያለ ፈቃድ አይለጥፉ። ፊት ብቻ አይደለም፤ ቀሚሱም የቤተሰቡ ነው። የሙሽራ ልብስ ከሠርጉ ቀን በፊት በፍጹም አይውጣ። የሐዘን ታሪክ ያለበት ልብስ ከሆነ ደግሞ ደንበኛዋ ራሷ በፈቀደችው ልክ ብቻ ይነገር። የሰው ለቅሶ ማሻሻጫ መሆን የለበትም።

ይህ ሁሉ ፎቶና ቪዲዮ ማረፊያ ያስፈልገዋል። ማረፊያው ቴሌግራም ቻናል ይሁን። ቴሌግራም እንደ ቲክቶክ ለማያውቅዎት ሰው አያሰራጭልዎትም፤ ስለዚህ ደንበኛ መፈለጊያ አድርገው አይጠብቁት። ከቲክቶክ ወይም ከጎግል የመጣች ሴት «እስቲ ሥራሽን ልየው» ስትል የምትገባበት ቤት ነው። ከላይ ፒን የተደረገ አንድ መልእክት ይኑረው፦ ምን እንደምትሠሩ፣ ምን እንደማትሠሩ፣ መነሻ ዋጋ፣ የሚወስደው ጊዜ፣ የካርታ ሊንክ። እያንዳንዱ ሥራ አንድ ልጥፍ ይሁን፤ የበፊቱና የአሁኑ ፎቶ ጎን ለጎን። «#ነጠላ»፣ «#የእናት_ቀሚስ»፣ «#የልጅ_ቀሚስ» እያሉ መለያ ይስጡት። ነጠላ ያላት ሴት መለያውን ነክታ ነጠላዎቹን ብቻ ታያለች። በቀን አምስት ጊዜ መለጠፍ አያስፈልግም፤ ሰው ድምፁን ዘግቶ ይተወዋል። በሳምንት አንድ ያለቀ ሥራ በቂ ነው።

የቀን አቆጣጠሩን ያስቡበት። የሐበሻ ልብስ ሥራ በዓልና ሠርግ ይከተላል። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ሠርጉም በጥር ይበዛል፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባና ሃምሳ አምስት ቀን ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀምራል። አዲስ ቀሚስ ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊትም ይገዛል። የእርስዎ ሥራ ግን ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ስለ ጥምቀት ማውራት ያለብዎት በኅዳር ነው፤ ስለ እንቁጣጣሽ በሐምሌ። «የጥምቀት ወረፋ ታኅሣሥ 10 ይዘጋል፤ አራት ቦታ ቀርቷል» ብለው እውነቱን ይጻፉ። አሥር ልብስ ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህ ሐቅ ነው፤ ሐቅ ስለሆነም ይሠራል። በዐቢይ ጾም ወራት ደግሞ ሥራው ሲቀዘቅዝ የቆዩ ፎቶዎችን ያደራጁ።

ከስልክ ውጭ ያለ አንድ ምክር ልጨምር፤ ምክንያቱም ከኢንተርኔቱ ጋር ይያያዛል። ልብሱ መጎዳቱን ከባለቤቷ በፊት የሚያየው ማነው? ላውንድሪው ነው። «እመቤት፣ ይሄ ነጠላ ከዚህ በኋላ ውኃ አይችልም» የሚለው እሱ ነው። ሽሮ ሜዳ ያሉ ነጋዴዎችም «እንደዚህኛው ዓይነት ጥለት አለ?» እያለች አሮጌ ቀሚስ ይዛ የምትዞር ሴት ያጋጥማቸዋል፤ ያ ጥለት ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። እነዚህን ሰዎች አምስት ስድስት ይምረጡ። የበፊትና የአሁን ፎቶ ያለበት፣ የቻናልዎ ኪውአር ኮድ የታተመበት ትንሽ ካርድ ይስጧቸው። በእኔ ግምት ከአሥሩ ሰዎች ግማሾቹ ከዚህ ይመጣሉ።

ዌብሳይቱን ለጊዜው ይተዉት። ወንድምዎ ክፉ አላሰበም፤ ግን ዌብሳይት ራሱ ጎብኚ ይፈልጋል፣ ክፍያው በየዓመቱ ይመላለሳል፣ የሚያድሰው ሰው ይጠይቃል። ደንበኛዎ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ናት። «ጎግል በነጻ ዌብሳይት ይሰጣል» ብሎ ሊያስከፍልዎት የሚመጣ ካለ አይመኑት፤ ያ ከቢዝነስ ፕሮፋይል ጋር ይመጣ የነበረው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ተዘግቷል።

በወር እየከፈሉ ገጽ ላሳድግ ያለዎትን ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «በወር አሥር ደንበኛ ከየት ታመጣልኛለህ?» መልሱ ስለ ተከታይና ስለ ላይክ ከሆነ ያሰናብቱት። የተገዛ ተከታይ ቀሚስ የለውም። የሚከፈልበት ማስታወቂያም አሁን አይመከርም። ፌስቡክና ጎግል የሚቀበሉት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሆነ በመሐል ደላላ ይገባል፤ ደላላው ከገንዘቡ ምን ያህሉን ለማስታወቂያው እንዳዋለ ማየት አይችሉም። ማስታወቂያው ቢሠራ እንኳ በአንድ ሳምንት ስልሳ ሰው ይደውላል፤ ሃምሳውን እምቢ ይላሉ፣ ቅር ብሎት ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ፕሮፋይሉን፣ ቻናሉንና ቲክቶኩን የከፈተው ማነው? በወንድም ወይም በቅጥረኛ ኢሜይልና ስልክ የተከፈተ ገጽ የእርስዎ አይደለም። ሰውየው ሲጣላዎት ወይም ስልኩ ሲጠፋ የዓመታት ሥራዎ አብሮ ይሄዳል። ዛሬውኑ ሦስቱም በእርስዎ ኢሜይልና በእርስዎ ስልክ ቁጥር ይሁኑ። ጎግል ላይ ዋናዋ ባለቤት እርስዎ፣ ሌላው ረዳት ይሁን። ቴሌግራም ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ፤ የሚያምኑትን አንድ ሰውም አስተዳዳሪ አድርገው ይጨምሩ።

ስለ ውጭ አገር ደንበኛ አልጠየቁም፤ መምጣቷ ግን አይቀርም። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ወይም ዱባይ ያለች ሴት ቪዲዮዎን ስታይ ከሁሉ ቀድሞ ልቧ የሚነካው እሷ ናት። እናቷ ትታላት የሄደችው ቀሚስ ከእሷ ጋር ተሰዷል። ሥራው የተገባ ነው፤ አደጋውም ይበልጣል። ምትክ የሌለው ልብስ በማይታወቅ መንገደኛ እጅ እንዲመጣ አይስማሙ። ራሷ ለበዓል ወይም ለሠርግ ስትመጣ ታምጣው፤ ወይም የቅርብ ዘመድ ይዞት ይምጣ። ወረፋዋን ከመምጣቷ ሁለት ወር በፊት ትያዝ። ግማሽ ክፍያ እዚህ ባለ ዘመድ በኩል በቴሌብር ወይም በባንክ ይግባ። ልኳን በቪዲዮ እየተያያችሁ ውሰዱ። እዚያ የተወለዱ ልጆች በእንግሊዝኛ ስለሚፈልጉ በጎግል መግለጫዎ ላይ አንድ ጥርት ያለ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይኑር። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከአሥሩ ቦታ ሁለቱን ብቻ ለእነሱ ይተዉ።

ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው። ለሦስት ወር አንድ ሥራ ብቻ ያስተዋውቁ፦ የእናት ቀሚስ ጥለት ወደ አዲስ ቀሚስ ማዛወር። ነጠላውንም የልጅ ልብሱንም ይሥሩ፤ ፊት ለፊት ያቆሙት ግን አንዱን ብቻ ይሁን። ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል፤ ከዚያ «ነጠላስ ትሠሪያለሽ?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል። የጎግል ፕሮፋይሉን በዚህ ሳምንት ያስተካክሉ። የአቀባበል ቪዲዮውን በሚቀጥለው። ከዚያ በሳምንት አንድ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ፣ አንድ ልጥፍ ቴሌግራም ላይ፣ ስድስት ካርድ በስድስት ቤት። ሌላ ምንም አያድርጉ፣ ለማንም አይክፈሉ።

እያንዳንዱን ደዋይ «ከየት ሰሙ?» ብለው ይጠይቁና በዚያው ደብተር ላይ ከዓረፍተ ነገሩ ጎን ይጻፉ። ጎግልም ስንት ሰው ከፕሮፋይሉ ላይ እንደደወለና አቅጣጫ እንደጠየቀ ያሳይዎታል። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ደብተሩን ይክፈቱት። አንድም ሥራ ያላመጣውን ቦታ ያለ ጸጸት ይተዉት። አሥሩ ቦታ ሞልቶ ወረፋው ከሁለት ወር ካለፈ ደግሞ ሌላ ማስታወቂያ አይጨምሩ፤ ዋጋዎን ይከልሱ፣ ወይም ጥለት ማንሳት የምታስተምሯት አንዲት ልጅ ይቅጠሩ።